እኩል ያደረግካቸው ሁለት ሞተር ሳይክሎች

አሰላሙ አለይኩም ሸምሱ።

አዎ፣ ስምህን ጠራሁት። አብረን ስንኖር አንድም ቀን በስምህ ጠርቼህ አላውቅም፤ «የረህመት አባት» ነበር የምልህ። እናቴም አባቴን እንዲያ ነበር የምትለው። በእኛ ዘንድ ባሏን በስሙ የምትጠራ ሴት እንደ ባለጌ ነበር የምትታየው። አሁን ግን ተቆጥተህ ቀና የምትልበት መንገድ የለህም። ሸምሱ። ሸምሱ። ይኸው፣ ሰማዩም አልተደፋ።

ከተለየኸን አንድ አረፋ አለፈ፤ ሁለተኛውም ሰሞኑን አለፈ። የመጀመሪያውን ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ማን መጣ ማን ሄደ ሳልል ነው ያሳለፍኩት። በሁለተኛው ግን ዓይኔ ተገለጠ። የምጽፍልህም ለዚህ ነው። ደግሞም ራሴ ነኝ የምጽፈው፤ ለረህመት እየነገርኳት አይደለም። ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት «አሁን ተምረሽ ዳኛ ልትሆኚ ነው?» ብለህ የሳቅክብኝን ታስታውሳለህ? ዳኛ አልሆንኩም። ፊደሉን ግን አንድ በአንድ ለቅሜ ያዝኩት፤ የመጀመሪያውን ረጅም ደብዳቤዬንም ላንተ አደረግኩት። በደግ ቃል እንዲሆን ተመኝቼ ነበር። አልሆነልኝም።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ ረህመት ከሥራ ስትመለስ ከእኔ በፊት እሷን ነው የምትስመው። የወጥ ቤቱ ቆርቆሮ አንተ «ነገ እመታዋለሁ» ባልክበት ቦታ እያፈሰሰ ነው፤ ነገህ አልደረሰም። የመፍቻ ሳጥንህን ጎረቤት ተውሶ ወሰደና ግማሹን መለሰ። የእኔ ዳሌ ደግሞ ብሶበታል።

ኑሮዬን ታውቀዋለህ። እንሴኖ ገበያ በማለዳ ወርጄ ከገበሬው እጅ በርበሬ እገዛለሁ፤ ለቅሜና አስጥቼ ቡታጅራ እቸረችራለሁ። በማለዳ ያልደረሰ ሰው ነጋዴው የረገጠውን ነው የሚለቅመው። ባጃጁ ከከተማ አይወጣም። የሚኒባሱ መውጫ ለዳሌዬ ከፍ ይላል፤ ረዳቱ ከኋላ እየገፋኝ «እማማ፣ ግቢ እንጂ! ልንተኛ ነው እንዴ እዚህ?» ይለኛል፤ ተሳፋሪው ይስቃል። ባለፈው ክረምት ከመዘግየቴ የተነሳ ገበሬዎቼን ሌላ ሴት ወሰደችብኝ። እንሴኖን ካጣሁ የሰው እጅ ማየቴ ነው። ይህን ልብ በልልኝ፤ የተቆጣሁት ቁጣ ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ወንድምህ ሐጂ ኑሪ እንደ ልማዱ ለአረፋ ከአዲስ አበባ መጣ። በሬው ታርዶ፣ ሰው በልቶ ሲታጠብ ጉሮሮውን ጠረገ። የቀረው ንብረትህ ዓምና በሸሪዓው ተከፋፍሎ ነበር፤ ሳይነኩ የቀሩት ሁለቱ ክሩዘር ሞተር ሳይክሎችህ ብቻ ነበሩ፤ ጥቁሩ እዚህ ቡታጅራ እኔ ግቢ፣ ቀዩ ወልቂጤ ሁለተኛዋ ሚስትህ ሰዓዳ ዘንድ። «ሴቶች በሞተር ሳይክል ምን ያደርጋሉ? ሁለቱንም እኔ ልውሰዳቸውና አላህ ከሰጠኝ ላይ ለሁለቱም ቤት ቀለብ ልቁረጥ» አለ። ሰው ሁሉ «ማሻአላህ» አለ። ቀለብ! ቀለብ የሚቆርጥልኝ ሰው ዛሬ ስኳሬን ይሰፍራል፣ ነገ ከቤት የምወጣበትን ሰዓት ይሰፍራል።

«ሐጂ፣ አይቀየሙኝና ድርሻዬን እፈልጋለሁ» አልኩ። በወንዶች መሃል ተናግሬ ስለማላውቅ ድምፄ የጫጩት ድምፅ ሆኖ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ተመካከሩ። ሚስቶቹ ሁለት፣ ሞተር ሳይክሎቹም ሁለት፤ አንድ አንድ ይውሰዱ፣ ታላቂቱ ቀድማ ትምረጥ ተባለ። ሐጂ ኑሪ ፊቱ ጠቆረ፤ «እሺ፤ ነገር ግን እኔ ወደ ሥራዬ ሳልመለስ ይለቅ። ካልተስማሙ ሁለቱንም ጭኜ እሄዳለሁ» አለ።

ታላቂቱ ቀድማ ትምረጥ! ከአንተ ጋር በኖርኩበት ዘመን ቀድሜ የመረጥኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ እሱም አንተ ከሞትክ በኋላ።

ስለ ሰዓዳ የነገርከኝን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የወፍጮ መካኒክ ነበርክ፤ ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ ድረስ ወፍጮ በቆመ ቁጥር የምትጠራው አንተ ነበርክ። «ወልቂጤ በኩል ሥራ በዝቷል» ትለኝ ነበር። በዝቶ ነበር ለካ! አንድ ቀን እጅህን እየታጠብክ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳው አድርገህ፣ ጎማ ገዛሁ እንደሚል ሰው «ኒካሕ አስሬያለሁ» አልከኝ። ውሃውን የማፈስልህ እኔ ነበርኩ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። «አፍስሺ እንጂ» አልከኝ። አፈሰስኩ። እጅህ ላይ ነው ያፈሰስኩት፤ ራስህ ላይ መሆን ነበረበት።

ከዚያ ሸኹ በጁምዓ ወደ አንዷ ሚስቱ ስለሚያጋድል ባል መጨረሻ ሲናገሩ ሰማህና ፊትህ አመድ መስሎ መጣህ። ያ የእኩልነት በሽታህ የጀመረህ ያን ቀን ነው። ለእኔ ብርድ ልብስ ስትገዛ ለእሷም ገዛህ፣ ያውም አንድ ዓይነት ቀለም። ለእሷ ድስት ስትገዛ እኔ ድስት ሞልቶኝ ሌላ አመጣህልኝ። የአረፋን በሬ ጉበት በሚዛን አስመዝነህ፣ ግማሹን በፌስታል አንጠልጥለህ ወልቂጤ የወሰድክ ሰው ነህ፤ በምን መልኩ እንደደረሰ እሷ ናት የምታውቀው። ሰው ሁሉ «ሸምሱን የመሰለ ፍትሐዊ አላየንም» አለ። ሁለተኛ ማግባት ያማረው ወንድ ሁሉ አንተን እየጠራ ሚስቱን አሳመነ። ለስንት ሴት ነው የተረፍከው!

ሞተር ሳይክሉም እንዲሁ ነው የሆነው። መጀመሪያ ጥቁሩን ከአዲስ አበባ ገዝተህ መጣህ። በየመንገዱ እንደምናየው ቀጫጫ ሞተር አይደለም፤ ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ መሪው ወደ ነጂው የተቆለመመ፣ ሰው ተንፈላሶ የሚቀመጥበት፣ ሲነሳ ደረት ውስጥ የሚንጎራጎር ነው። ወጣቶቹ «ክሩዘር! ክሩዘር!» እያሉ ተከተሉህ። ደስ ብሎህ ነበር፤ ደስታህን አይቼ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይተህ ግን እንቅልፍ አጣህ። መንትያውን፣ ቀዩን፣ ከሌላ ሰው እጅ ገዝተህ ወልቂጤ አቆምከው። በአንዱ ሄዶ በዚያው ለሚመለስ ሰው ሁለተኛው ምን ያደርግለታል ብዬ ጠየቅኩህ። «እሷም ግቢ አንድ መቆም አለበት» አልከኝ። አበድክ እንዴ ማለት አማረኝ። እንጀራህን ብቻ አቀረብኩልህ።

የጥቁሩን የኋላ መቀመጫ ነቅለህ የብረት ዕቃ መጫኛ አስበየድክበት። አንድ ቀን ዳሌዬ ተይዞ መንገድ ዳር ከበርበሬ ጆንያዬ ጋር እንደቆምኩ በአጠገቤ አለፍክ። አቆምክ። ውሸት አልናገርም፣ አቆምክ። ጆንያውን መጫኛው ላይ አስረህ «አንቺ በሚኒባስ ነይ፤ ሴት ልጅ ሞተር ላይ ተንጠልጥላ ሰው ምን ይላል» አልከኝና ሄድክ። በርበሬዬ በሞተር ሳይክል ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ቀዩ በአይሱዙ ተጭኖ ከወልቂጤ መጣ፤ ሰዓዳም ትንሿን ልጇን አዝላ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ መጣች። ሁለቱን እንሰቱ አጠገብ ጎን ለጎን አቆሟቸው። ቀዩን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። የኋላ መቀመጫ አለው፣ ሸምሱ። ሰፊ፣ ቡናማ ቆዳ የለበሰ፣ ጀርባ የሚያስደግፍ ብረት ያለው። መሃሉ ከመቀመጥ ብዛት ጎድጉዷል። የእግር ማሳረፊያዎቹ ጎማ ተፍቆ አልቋል። ቆሜ አየሁት። የብርድ ልብሱን ቀለም ሳይቀር አስተካክለህ፣ የጉበቱን ሚዛን ጠብቀህ፣ ይኼንን ከየትኛው ሚዛን ላይ አስቀመጥከው?

ግቢው ሙሉ መካሪ ሆነ። ሐጂ ኑሪ «ጥቁሩን ውሰጂ፣ የባልሽ ሽታ አለበት» አለኝ። «ሽታውን ጠግቤዋለሁ ሐጂ፤ የሚሄድ ነው የምፈልገው» አልኩት። ያቺ ጎረቤታችን የወፍጮ ቤቷ ፋጡማ ጆሮዬ ሥር ገብታ «ቀዩን ውሰጂባት! መቀመጫዋን ከሥሯ ጎትቺው!» አለችኝ። ልቤም የሚለው ይኼንኑ ነበር። ረህመት በበኩሏ «እማ፣ ስሜትሽን ተዪና መካኒክ ይየው» አለች። ሰዓዳ ከበሩ አጠገብ ቆማ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ወልቂጤ ሙሽሮች ቀዩን ተከራይተው ፎቶ እንደሚነሱበት፣ እሷም በዚያ ልጆቿን እንደምታበላ ሰምቼ ነበር። አላሳዘነችኝም። እኔም የምበላው አጥቼ ነው የቆምኩት።

ግርማ መጣ፤ ያ ከጎንደር መጥቶ እዚሁ የቀረው የሞተር ሳይክል መካኒክ። በጉልበቱ ተንበረከከ፣ በጀርባው ተኛ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደ፣ እንደገና ተመለሰ። በመጨረሻ ተነስቶ እጁን እየጠረገ «እትዬ ዘይነባ፣ ይሄን ማነው የሠራው?» አለኝ። «ሟቹ ነዋ» አልኩት። «ነፍሱን ይማረውና፣ ምን ነክቶት ነው?» አለ።

አዲስ ሞላ ገዝተህ ነበር፤ የኋላ ጎማውን ከግራና ከቀኝ የሚሸከመውን ጥንድ። አንዱን ለጥቁሩ፣ አንዱን ለቀዩ ሰጠሃቸው! በሌላው ጎናቸው አሮጌው እንዳለ ቀረ። ሁለት መስታወት ገዛህ፤ የቀኙ ጥቁሩ ላይ፣ የግራው ቀዩ ላይ። ጥቁሩ የፊቱ ጎማ አዲስ የኋላው መላጣ፣ ቀዩ የኋላው አዲስ የፊቱ መላጣ። ጥሩ ፍሬንና ጥሩ ባትሪ ያለው ጥቁሩ የውስጥ ሞተሩ ዘይት እየበላ ይጨሳል። ጤነኛ የውስጥ ሞተር ያለው ቀዩ ፍሬኑ አይዝም። ግርማ በጣቱ ሞላውን እየመታ «ይሄ በጥንድ ነው የሚቀየረው! ጫማ ነው እኮ! አንድ እግር አዲስ ጫማ፣ አንድ እግር ነጠላ አድርጎ የሚሮጥ ሰው አለ?» እያለ ጮኸ። ወፍጮ ላይ አንተን የሚያህል አልነበረም። ወፍጮ ግን ቆሞ ነው የሚሠራው፤ አያጋድል፣ ገደል አይገባ።

ሁላችንም ራቅ ብለን አየናቸው። እውነትም ሁለቱም ወደ ጎናቸው ዘመም ብለው ቆመዋል።

ወንድምህ ምን ቢል ጥሩ ነው? በኩራት ሳቀ! «አያችሁ የወንድሜን ፍትሕ? አንዲት ብሎን አላበላለጠም!» አለ። ግርማ «ሐጂ፣ ይሄ ፍትሕ መቃብር ነው የሚያደርሰው» ብሎ መለሰለት። ሽማግሌዎቹ «እንግዲህ እኩል ከሆኑ የትኛውንም ብትመርጪ ያው ነው፤ በይ ምረጪና እንነሳ» አሉኝ። ያው ነው! ጥቁሩን ብወስድ እንሴኖ ሳይደርስ ይቆማል። ቀዩን ብወስድ እንሴኖ ደርሶ አይቆምም። ዕድሜ ልኬን አንድ ጊዜ ምረጪ ብባል፣ የምመርጠውን አስቀድመህ አበላሽተህ ነበር የጠበቅከኝ። ደሜ ፈላ። ያኔ ድምፄ የጫጩት አልነበረም።

«ታላቅ ነኝ፣ ቀድሜ እመርጣለሁ ተብሏል፤ እየመረጥኩ ነው» አልኩ። «ግርማ፣ ስማኝ። የጥቁሩን ፍሬንና ባትሪ እወስዳለሁ። የቀዩን የውስጥ ሞተር እወስዳለሁ። አዲሶቹን ሞላዎች ሁለቱንም። አዲሶቹን ጎማዎች ሁለቱንም። መስታወቶቹን ሁለቱንም።» ግቢው ተንጫጫ። «ይሄ ምርጫ ሳይሆን ዝርፊያ ነው!» አለ አንዱ። «አንዱን ነው ውሰጂ የተባልሽው!» አለ ሌላው። «አንዱን ነው የምወስደው፤ ያ አንዱ ገና አልተሠራም» አልኳቸው። ሐጂ ኑሪ ወደ ሰዓዳ እያመለከተ «ለዚችስ ምን ይቀራታል?» አለ። «የተረፈው ይቀራታላ! እኔ የተረፈኝን ስበላ የጠየቀኝ ነበር?» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት፤ አሁንም አላፈርኩበትም።

ያኔ ሰዓዳ ቀና አለች። «እትዬ፣ ይውሰዱት። ግን ማን ይነዳልዎታል?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ወደ ረህመት ዞረ። ረህመት እጇን አነሳች፤ «እኔን እንዳታዩኝ! ብስክሌት እንኳ ጥሎኛል» አለች። ሐጂ ኑሪ ፊቱ ፈካ፤ «ታዲያ መጀመሪያም ምን አልኩ፣ ሴቶች...» ብሎ ሳይጨርስ ሰዓዳ «እኔ እነዳለሁ» አለች። «ማን አስተማረሽ?» አላት። «እሱ» አለች።

ሸምሱ፣ ይኼን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? እኔ ከኋላህ ብቀመጥ ሰው ምን ይላል ያልክ ሰው፣ ለእሷ መሪውን ሰጠሃት። እኔ በኋላ መቀመጫው ስናደድ፣ መቀመጫው ለካ ምንም አልነበረም።

እሷ ግን አልጨረሰችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ብቻ እንደምትነግረኝ ሆና ቀጠለች። የስኳር በሽታው ዓይንህን አድክሞት ነበር አለች። የመንገዱን ዳር መለየት አቅቶህ ነበር። ከእኔ ግቢ ጥቁሩን አስነስተህ፣ እያንጎራጎርክ ወጥተህ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አቁመኸው በሚኒባስ ነበር ወልቂጤ የምትሄደው። እዚያ ስትደርስ ቀዩን እሷ ትነዳለች፤ ከወፍጮ ቤት ወፍጮ ቤት የምታመላልስህ እሷ ነበረች። «ከኋላ የሚቀመጠው እሱ ነው፣ እትዬ። እኔ አንድ ቀን እንኳ ከኋላ ተቀምጬ አላውቅም» አለችኝ።

ያ ቆዳው ላይ ያየሁት ጉድጓድ ያንተ ነበር።

አጠገቤ የነበረ ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ለባሏ አዘነች ብሎ «ሶብር አድርጊ» አለኝ። አላዘንኩም። በቁጣ ነው የተቀመጥኩት። የወፍጮ ብናኝ ዓይንህ ሲገባ ራስህን ጭኔ ላይ አስተኝቼ በምላሴ ጫፍ ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። ልጆች ሳለን፣ ይኼ ቤት ገና ጭቃው ሳይደርቅ። ረህመት ስትወለድ እጅህ ዘይት ዘይት ይሸት ስለነበር በአመድ አሽተህ አሽተህ፣ ቆዳህ ሊላጥ እስኪደርስ ታጥበህ ነበር የታቀፍካት። ያን ሰውዬ እወደው ነበር። ያ ሰውዬ ዓይኔ ደከመ ብሎ መጀመሪያ የሚነግረው ለእኔ መሆን አልነበረበትም? ስኳር እንደያዘህ አውቅ ነበር፤ ሻይህን ያለ ስኳር የማቀርብልህ እኔ ነበርኩ። ዓይንህ ጋ መድረሱን ግን ከበር ቆማ ልጅ ካዘለች ሴት ሰማሁት። ለእኔ ጉልበትህን አሳየኸኝ፤ ሞተር እያስነሳህ፣ አቧራ እያስነሳህ። ለእሷ ድካምህን ሰጠሃት። የእኔ ድርሻ ድካምህ ነበር። እሱን ለሁለት ልትከፍለው አላሰብክም።

ለምን እንደደበቅከኝ ብጠይቅህ፣ ሚስቴ ፊት እንዳልወድቅ ብዬ ነው ትለኝ ይሆናል። አልቀበልህም። ከሠርጋችን ምሽት ጀምሮ የማውቅህን እኔን የመንገድ ሰው አደረግከኝ።

ሽማግሌዎቹ «እንግዲህ ጉዳዩ ይለቅ» አሉ፤ ፀሐዩ ከብዷቸው ነበር። ሐጂ ኑሪ ቁልፎቹን ለመሰብሰብ እጁን ዘረጋ። ተነሳሁ። ሰዓዳን ወደድኳት ብዬ አልዋሽህም፤ አልወደድኳትም፣ ዛሬም አልወዳትም፤ ስትስቅ እንኳ ያናድደኛል። ግን አንተን ያህል ክብደት፣ ከነሆድህና ከነመፍቻህ፣ በዚያ ኮረኮንች ላይ ተሸክማ ከዞረች፣ እኔን ከነበርበሬዬ ትችላለች ብዬ አሰብኩ። «አንድ ሞተር ሳይክል ይሠራል» አልኩ። «የሁለታችን ነው። በእንሴኖ ገበያ ቀን የእኔ ነው፤ በሌላው ቀን የእሷ። ዋዜማውን ከወልቂጤ መጥታ እኔ ዘንድ ታድራለች፤ ልጆቹን እናቷ ትይዛለች። ስትመለስ በርበሬ ጭና ሄዳ ወልቂጤ ትቸረችር።» ሰዓዳ «በርበሬው ግን የተረገጠ አይሁን» አለች። አፏ አይጣል ነው! «የተረገጠ አልሸጥም» አልኳት። «የተረፈው ብረትስ?» አለ ሐጂ ኑሪ፤ እጁ እንደተዘረጋ ነበር። «እሱን እርስዎ ይውሰዱትና ቀለብ ይቁረጡለት» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ወንድምህ ተቀይሞኛል፤ በሕልሙ ከመጣህ አስታርቀን።

ግርማ አንዱን ሠራው። ታንኩ ቀይ፣ የጭቃ መከላከያው ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ፋጡማ «የገበያ ፍየል መሰለ» ትላለች። ቀጥ ብሎ ይቆማል። የብረት መጫኛህንም ከጎን በኩል አስበየድኩት፣ ለጆንያው። የኋላ መቀመጫውን ግርማ አዲስ ስፖንጅ ላድርግበት ብሎኝ ነበር። ተወው አልኩት።

የመጀመሪያው ቀን ወጣሁበት፤ ወጣሁበት ማለት እንኳ አይሆንም፣ እግሬን አሻገርኩና ተቀመጥኩ፤ ለዳሌዬ የተለካ ቁመት ነው። አንተ በተቀመጥክበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ሰፋኝ። ሰዓዳ «ይያዙኝ እትዬ» አለችኝ። አልይዝሽም ብዬ የጀርባውን ብረት ያዝኩ፤ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ወገቧን አንቄ ያዝኩት። «ቀስ በይ አንቺ!» ስላት «ገበያው እንዳያልፈን ነው» አለችኝና ጨመረችው። አንድ ገበሬ ከአህያው ጋር ቆሞ አፉን ከፍቶ አየን። ሰው ምን እንደሚል ልንገርህ? ምንም አይልም። በርበሬ ስንት ገባ ነው የሚለው።

በማለዳ ደረስኩ፣ ሸምሱ። ገበሬዎቼን ከዚያች ሴት እጅ አስመለስኩ። ማንም ቀለብ አልቆረጠልኝም።

ከከተማው ስንወጣ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አንተ ያረፍክበት መቃብር በግራ በኩል ይታያል። ያን ቀን ሰዓዳ እዚያ ስትደርስ ፍጥነቱን ቀነሰች፣ ልታቆም ነው። ትከሻዋን መታ አደረግኩና «ንጂ» አልኳት። በየገበያው ቀን በዚያ አልፋለሁ፤ ልርሳህ ብልም መንገዱ አይፈቅድልኝም። እጅህን በአመድ ያሸኸውንም፣ ጆንያዬን ጭነህ ጥለኸኝ የሄድከውንም፣ የደበቅከኝን ዓይንህንም አንዱን ከአንዱ ሳልቀንስ እይዘዋለሁ። ቂሜንም እንደዚያው እይዘዋለሁ፤ ሲያልቅ እነግርሃለሁ። ዱዓህን ግን አልከለከልኩህም። እዚያው መቀመጫው ላይ እንዳለሁ፣ በአንድ እጄ የሰዓዳን ወገብ ይዤ፣ አንዱን እጄን ብቻ ዘርግቼ አደረግኩልህ። ቁልቁለት ነውና አጭር ሆነች።

ሚስትህ ዘይነባ
ቡታጅራ